የክፉ ቀን ስንቅ በያቭነ ቤቶች

የአደጋ ጊዜ ዕቃ የሚባለው አንድ ቤተሰብ መብራት ቢጠፋ፣ ውሃ ቢቋረጥ፣ ሱቅ ቢዘጋ ቢያንስ 72 ሰዓት በራሱ እንዲቆይ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒትና መብራት ነው። ሦስት ቀን የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ አደጋ ሲደርስ አምቡላንሱም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውም መጀመሪያ የሚሄዱት የተጎዳ ሰው ወዳለበት ነው። ያልተጎዳው ቤተሰብ ተራው እስኪደርስ ድረስ ራሱን ችሎ መቆየት አለበት። በእስራኤል ስለዚህ ጉዳይ መመሪያ የሚያወጣው የአገር ውስጥ ግንባር ዕዝ ነው፤ በያቭነ ከተማ ባለው የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ማኅበረሰብ ሽማግሌውም ልጁም ፒኩድ ሃዖሬፍ ይለዋል። የመመሪያው ዝርዝር አጭር ነው፦ ውሃ፣ ሳይበስል የሚበላ ምግብ፣ መድኃኒትና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የስልክ መሙያ ባትሪ፣ የሰነድ ቅጂ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ሕፃን ላለው ዳይፐርና ወተት፣ ለልጆች መጫወቻ።

እንዲህ ዓይነት ዝርዝር በዓለም በብዛት የሚታወቀው ከሐሪኬን አገሮች ነው። በአሜሪካ የአትላንቲክ የሐሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። ማዕበሉ ገና ባሕር ላይ ሳለ በሳተላይት ስለሚታይ የፍሎሪዳ ሰው ወደ ሱቅ የሚሮጥበት፣ መስኮቱን በጣውላ የሚመታበት ጥቂት ቀን አለው። ያቭነ ላይ ይህ ፋታ የለም። ከጋዛ ለሚተኮስ ሮኬት አዛካ (የማስጠንቀቂያው ሳይረን) ሲጮህ ስድሮት ያለው ሰው 15 ሰከንድ፣ አሽዶድ ያለው 45 ሰከንድ፣ ቴል አቪቭ ያለው አንድ ደቂቃ ተኩል አለው። ያቭነና ገደራ በአሽዶድና በቴል አቪቭ መካከል ናቸው። ከሩቅ ለሚመጣ ሚሳይል በስልክ ቀድሞ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ቢኖርም እሱም የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ዕቃው ሊያገለግል የሚችለው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቦታው ላይ ካለ ብቻ ነው።

ስጋቱ ደግሞ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኖቬምበር 15 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ቂርያት መላኺ ውስጥ ሮኬት አንድ መኖሪያ ሕንፃ መትቶ ሦስት ሰው ገድሏል። ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ከኢራን በተተኮሱት ሚሳይሎች ገደራ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተጎድቷል። በጁን 2025ቱ የ12 ቀን ጦርነት ደግሞ ከያቭነ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በምትርቀው በረኾቮት የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ተመትቷል። ጦርነት በሌለበት ጊዜም ቢሆን በዲሴምበር 2013 የመጣው ማዕበል በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ለቀናት መብራት አሳጥቷል፤ በጃንዋሪ 2020 በጣለው ዝናብ ቴል አቪቭ ውስጥ ጎርፍ በገባበት ምድር ቤት ሁለት ሰዎች ሊፍት ውስጥ እንዳሉ ሰጥመው ሞተዋል። አገሩ በሙት ባሕር ስምጥ ዳር ያለ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥም ይጠበቃል፤ የመጨረሻው ትልቁ የደረሰው ጁላይ 11 ቀን 1927 ነበር። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ነው።

ዕቃው የት ይቀመጥ የሚለው በቤቱ ዕድሜ ይወሰናል። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ ስከድ ሚሳይሎች እስራኤል ላይ ሲወድቁ፣ በሙሴ ዘመቻ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ገብተው ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችም እንደ ሌላው ሕዝብ የጋዝ ጭንብል ተሰጥቷቸው፣ በሩና መስኮቱ በፕላስቲክና በማጣበቂያ በታሸገ ክፍል ተቀምጠዋል። ከዚያ ጦርነት ወዲህ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ማማድ እንዲኖረው ተደነገገ። ማማድ ግድግዳው በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት የሆነ፣ በሩ የብረት፣ መስኮቱም የብረት መዝጊያ ያለው ክፍል ነው። በያቭነ አዳዲስ ሕንፃዎች ይህ አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ ገቢዎች ሰፈር ሆና በተቆረቆረችው በቂርያት መላኺ፣ እንዲሁም በገደራና በያቭነ አሮጌ ብሎኮች ብዙው ቤት የለውም፤ ሰዉ የሚወርደው ወደ ሕንፃው ወይም ወደ ሰፈሩ ሚክላት፣ ማለትም የጋራ መጠለያ፣ ነው። ማማድ ላለው ቤት ዕቃው በክፍሉ ጥግ፣ ወለል ላይ ይቀመጣል። ማማድ ለሌለው ቤት ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ብዙው ቤት ይቀራል፣ የአንድ ሌሊቱ በጀርባ ቦርሳ ሆኖ በር አጠገብ ይሰቀላል። ሳምሶናይት ሻንጣ ለዚህ አይሆንም። ደረጃ ላይ ሕፃን የታቀፈ ሰው ሻንጣ መጎተት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚያጠፋው ጥፋት አለ። ማማድ አንድ ተጨማሪ ክፍል ስለሆነ የክረምት ብርድ ልብስ፣ የተጣጠፈ ፍራሽ፣ የጤፍ ጆንያ፣ ብስክሌት ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ቁም ሣጥን መስኮቱ ላይ ይገተርና የብረቱ መዝጊያ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ይዝጋል። አዛካ በጮኸ ሰዓት መዝጊያውን ለመሳብ ቁም ሣጥን መግፋት አይቻልም። መዝጊያው በየጥቂት ወሩ ተስቦ መታየት፣ የበሩ እጀታ እስከ መጨረሻው መዞሩ መሞከር አለበት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አለመሥራቱ ምንም ምክንያት የለውም።

ከዝርዝሩ ሁሉ በጣም የሚናቀው ውሃ ነው። ቧንቧው ለዓመታት አቋርጦ ስለማያውቅ ሰዉ ውሃ ከግድግዳ የሚወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በረጃጅም ሕንፃዎች የላይኞቹ ፎቆች ውሃ የሚያገኙት በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የከተማው መስመር ምንም ሳይሆን እንኳ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ውሃው ይቀራል። በምድር ቤት ያለው ጎረቤት እየታጠበ ከላይ ያለው የሚጠጣው ያጣል። ስለዚህ አዲስና ረጅም ሕንፃ ውስጥ የገባ ቤተሰብ ከአሮጌው ብሎክ ነዋሪ የበለጠ ውሃ ማስቀመጥ አለበት፤ ሰዉ የሚያስበው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

የሚያስፈልገው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ነው፤ ለሦስት ቀን 9 ሊትር። በሱፐርማርኬት በር ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው ሺሺያ፣ ማለትም ባለ አንድ ሊትር ተኩል ስድስት ጠርሙስ፣ ልክ 9 ሊትር ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሺሺያ። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም፤ ማንበብ የማይችሉ አያትም በጣታቸው የሚቆጥሩት ነው። አባት፣ እናት፣ አራት ልጆችና አያት ያሉበት ቤት ሰባት ሺሺያ ይይዛል፤ 63 ሊትር ማለት ነው፣ ክብደቱም 63 ኪሎ ያህል። ይህን የሚያህል ክብደት መደርደሪያ ላይ አይሰቀልም፤ መሬት ቢንቀጠቀጥ ሰው ላይ ይወርዳል። አልጋ ሥር ወይም ወለል ላይ በጥግ ይደረደራል። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ውሃ ለመጠባበቂያ አይሆንም። ከበረኪና፣ ከቀለምና ከቤንዚን አጠገብ የተቀመጠም እንዲሁ፤ ፕላስቲኩ የአጠገቡን ሽታ እየሳበ ወደ ውሃው ያስገባል። መግዛት የከበደው ቤተሰብ የቧንቧ ውሃ በንጹሕ ጀሪካን ሞልቶ፣ በደንብ ከድኖ፣ ቀኑን ጽፎበት በየስድስት ወሩ ቢቀይር ይበቃዋል። ጀሪካኑ ግን ከመጀመሪያው የምግብ መያዣ የነበረ መሆን አለበት፤ ነዳጅ ወይም የጽዳት ኬሚካል የነካው በምንም ያህል እጥበት አይነጻም።

ሦስት ሊትር ለመጠጥና ለጥቂት ማዋሃጃ ብቻ ነው። በዓለም አቀፍ የዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለመታጠብ አንድ ላይ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይታሰባል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲሰማና ጊዜ ሲኖር ባልዲና ሳፋ ሁሉ ይሞላል፤ እሱ ለእጅ፣ ለዕቃና ለሽንት ቤት ነው። ሽንት ቤት አንድ ጊዜ ማፍሰስ ብቻ እስከ 6 ሊትር ሊወስድ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው የሚጠጣውን ውሃ እዚያ አይደፋም።

ከኢትዮጵያ በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡ አዛውንቶች የውሃን ዋጋ ማንም እንዲያስረዳቸው አያስፈልግም። በ1980ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ የሄዱት ሰዎች በበረሃው ላይ መጀመሪያ ያለቀባቸው ውሃ ነበር። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ያንን መንገድ ያለፈ ሰው ያለበት ቤት ስለ ስንቅ ምክር ሊጠይቅ የሚገባው መጀመሪያ እሱን ነው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ይህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ ሊከራከርለት የሚገባው ነገር አለ። በያቭነና በቂርያት መላኺ ብዙ ወጣት ባለትዳሮች የአደጋ ጊዜ ምግብ ሲባል የሚታያቸው የቆርቆሮ በቆሎ፣ የቆርቆሮ ቱና፣ ፓስታና ኩኪስ ነው። ፓስታው እሳትና አንድ ድስት ውሃ ይፈልጋል፤ ለክፉ ቀን ከማይሆኑ ምግቦች የመጀመሪያው ነው። የቆርቆሮው በቆሎ ቤት ውስጥ ማንም የማይወደው ስለሆነ ጊዜው እስኪያልፍ ተቀምጦ ይጣላል። በሌላ በኩል አያት ጓዳ ውስጥ ባለው ማሰሮና ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ አለ። እነዚህ የተፈጠሩት ለዚሁ ሥራ ነው። እሳት አይፈልጉም፣ ፍሪጅ አይፈልጉም፣ ለወራት ይቆያሉ፣ ከሁሉም በላይ ቤተሰቡ ይወዳቸዋል። እነሱን የሽማግሌ ምግብ ብሎ መተው የመመሪያውን ሐሳብ አለመረዳት ነው። መመሪያው የሚጠይቀው ሳይበስል የሚበላና ሳይበላሽ የሚቆይ ምግብ ነው፤ ቆርቆሮ ያስፈልጋል አይልም።

ከሁሉ በሶ ይበልጣል። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ደቅቆ የተፈጨ ስለሆነ እሳቱን አስቀድሞ ጨርሷል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሁለት እፍኝ በሶ ይደረጋል፤ ቆንጠር ያለ ጨው ይነሰነስበታል፤ መሃሉ በጣት ጎድጎድ ተደርጎ ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ከዳር ወደ መሃል ይለወሳል። ዱቄቱ ውሃውን እየጠጣ ይያያዝና በመዳፍ ሲጨበጥ ጭብጦ ይሆናል። ይህን ለመሥራት ጨለማ ውስጥ ሆኖ እንኳ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ውሃው በርከት ተደርጎ ይቀጠናል፤ ለልጆች በማር ተበጥብጦ በኩባያ ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ስኳር ያለበት ሰው በማር ሳይሆን በጨው ቢበላው ይሻለዋል። ግማሽ ኪሎ በሶና ግማሽ ኪሎ የገብስ ቆሎ ለአንድ አዋቂ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣሉ፤ ለሦስት ቀን ብቻቸውን ባይበቁም ከቴምርና ከጥቂት የቱና ቆርቆሮ ጋር ያለ ችግር ያሳልፋሉ። ቆርቆሮው ሲገዛ በጣት ተስቦ የሚከፈተው ይመረጣል።

በሶ ግን ሁለት ጠላት አለው፤ እርጥበትና ነቀዝ። ያቭነ ለባሕሩ ቅርብ ናት፤ የነሐሴ አየሯ እንደ ጎንደር ደጋ ደረቅ አይደለም። በጎንደር በጨርቅ ከረጢት ሳይበላሽ የሚከርም በሶ እዚህ በዚያው ዓይነት ከረጢት ቢቀመጥ ይሻግታል። ስለዚህ የተፈጨው በሶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ መታሸግ አለበት። ከመታሸጉ በፊት በላስቲክ ተጠቅልሎ አራት ቀን ያህል ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ የነቀዙ ዕንቁላል ይሞታል። ከፍሪዘር ሲወጣ ላስቲኩ ወዲያው አይከፈትም፤ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ይጠበቃል፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዝና የታሰበው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብዙ ሰው በሶዬ ተበላሸብኝ የሚለው እዚህ ላይ ቸኩሎ ነው።

ድርቆሽም እንዲሁ ነው። ትኩስ እንጀራ በበጋ ሦስት ቀን ሳይሞላው ሻጋታ ያወጣል፤ ተቆራርጦ በፀሐይ የደረቀው ግን ለወራት ይቆያል። በጣት ሲሰበር ቀጭ ካላለ አልደረቀም፤ ወደ ፀሐዩ ይመለስ። ቆሎው ውስጥ ለውዝ የሚጨምር ቤተሰብ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠውን ባይጨምርበት ይመረጣል፤ የለውዙ ዘይት በሙቀት ቶሎ ይበላሽና የገብሱንም ጣዕም ያጠፋል። ጨውም አይብዛበት፤ ጨዋማ ቆሎ የበላ ሰው የታሰበለትን ሦስት ሊትር ገና ሳይመሽ ይጨርሳል። ለትንንሽ ልጆች ቆሎ ጭራሽ አይሰጥም፤ አዛካ ሲጮህ የሚደነግጥ ልጅ በአፉ ያለው ጠንካራ ፍሬ ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል። ቋንጣና በቅቤ የታሸ ጭብጦ ለየብቻ ይታሸጋሉ፤ ይህን ካሽሩት (የአይሁድን የምግብ ሕግ) የሚጠብቅ ቤት ሳይነገረው ያውቀዋል።

የስንቁን ሙያ የያዙት አዛውንቶች መሆናቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ አንድ ነገር ላይ ግን ልጆቻቸው ሊቆጧቸው ይገባል፤ ከሰል። ቡና ያለ ከሰል፣ ከሰል ያለ ዕጣን አይሆንም የሚሉ እናቶች አዛካው ከተደጋገመ ማንደጃውን አንሥተው ማማድ ውስጥ ሊያስገቡ ይቃጣቸዋል። ይህ ከሮኬቱ ባልተናነሰ ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ ይያያዛል። ማማድ ደግሞ ጋዝ እንዳይገባበት በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ጎማ ያለው፣ እንዲታሸግ ተብሎ የተሠራ ክፍል ነው። እንዳይገባ የሚከለክለው ጎማ እንዳይወጣም ይከለክላል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ሰዉ ሌሊቱን ያልተኛ ስለሆነ ድካም ይመስለዋል። ተኝቶም አይነሣም። ዕጣኑ ክፍሉን ስለሚያውደው ጭሱ እንኳ አያስጠረጥርም።

በገጠር የጎጆ ቤት ማንደጃ ማንንም አልገደለም የሚል መልስ ይሰማል። የጎጆ ቤት ሣር ክዳኑና ግድግዳው አየር ያስገባል፤ በሩም ክፍት ነው። የኮንክሪት ክፍል ያን አያደርግም። ጋዚያ፣ ማለትም ትንሿ የሽርሽር ምድጃም ማማድ ውስጥ አትለኮስም፤ ሻማም ቢሆን ለብርሃን ተብሎ እዚያ አይበራም፤ የእጅ ባትሪ ያለው ለዚህ ነው። የቡናው መፍትሔ ፔርሙዝ ነው። ሁኔታው ሲከፋ ቡናው ቀደም ብሎ በኩሽና ይፈላል፣ ፔርሙዝ ውስጥ ይገለበጣል፣ ከስኒዎቹ ጋር ማማድ ይገባል። እናቲቱ ከልጆቿና ከጎረቤቶቿ ጋር ቡናዋን ትጠጣለች፤ ጨዋታው አይቀርም፣ ምርቃቱም አይቀርም። ማንደጃው፣ ጭሱና ዕጣኑ ግን መውጣት ይቻላል እስኪባልና መስኮት እስኪከፈት ይጠብቃሉ። አንዲት አያት ይህን ሲነገራቸው፣ «እንግዲህ እማማ ቡናዋን በፔርሙዝ ጠጣች ብላችሁ አትሙኝ» ብለው ተስማምተዋል። ሐሜቱን ሁሉም ሰው ችሎ ሊለምደው የሚገባ ልማድ ነው።

መድኃኒት ቢያንስ የሳምንት፣ ቢቻል የአንድ ወር ትርፍ መኖር አለበት፤ ይህን ለኩፓት ሆሊም (ለጤና መድን ድርጅቱ) ሐኪም መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በማኅበረሰቡ ውስጥ ወደ እስራኤል ከተመጣ ወዲህ የስኳር በሽታ በጣም ስለ ጨመረ የኢንሱሊን ነገር ለብቻው መታሰብ አለበት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ሲሞቅ ኢንሱሊኔ ተበላሸ ብሎ የሚደነግጥ፣ ሲብስም የሚጥል ሰው አለ። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች አንዴ ከተከፈቱ በኋላ በክፍል ሙቀት 28 ቀን ያህል ይቆያሉ፤ በረዶ ግን ያበላሻቸዋል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ቦታ ማስቀመጥ ከበረዶ ጋር ከማነካካት ይሻላል። የያዙት ዓይነት ስንት ቀን እንደሚቆይ ፋርማሲስቱን አስቀድሞ ጠይቆ ሣጥኑ ላይ መጻፍ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው አጠገብም ስኳር ወይም ጭማቂ አይጠፋም፤ ምግብ ሲዘገይ ስኳሩ ይወርዳልና። የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን በዕብራይስጥ በወረቀት ተጽፎ ቦርሳው ውስጥ ይግባ፤ አምቡላንስ ሲመጣ አያት ሊያስረዱ የሚቸገሩበትን ወረቀቱ ያስረዳላቸዋል። በዚያው ወረቀት ጀርባ ቁጥሮቹ በትልቁ ይጻፉ፦ ፖሊስ 100፣ ማዳ (አምቡላንስ) 101፣ እሳት አደጋ 102፣ መብራት ኃይል 103፣ ፒኩድ ሃዖሬፍ 104፣ ማዘጋጃ ቤት 106።

የተዑዳት ዘሁት (የመታወቂያ) ቅጂ፣ የባንክ ካርድና የ20 እና የ50 ሸቀል ዝርዝር ብርም በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይሁን፤ መብራት ከሌለ ካስፖማት (የገንዘብ ማውጫ ማሽን) አይሠራም።

በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ዛሬ ብዙ ቤት የለም፤ ስልክ አለ ይባላል። ስልክ ግን ባትሪው ያልቃል፣ መስመሩም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል ይጨናነቃል፤ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚጨነቁ ዘመዶች ጥሪም በዚያው ሰዓት ነው የሚመጣው። ለእነሱ አጭር ጽሑፍ ላኩና ጥሪውን ተዉት፤ ጽሑፍ ጥሪ በማያልፍበት ያልፋል። ሬዲዮው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ካን ረካ የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ በአማርኛና በትግርኛ ስለሚያሰራጭ ዕብራይስጥ ለማይሰሙ ወላጆች የሚያስፈልጋቸውን ዜና በቋንቋቸው ይነግራቸዋል፤ ጣቢያው አስቀድሞ ተፈልጎ ሬዲዮው ላይ በምልክት ይቀመጥላቸው። ሰንበት ለሚጠብቁ ቤቶች ደግሞ በጦርነት ጊዜ የሚከፈት ጸጥተኛ ማዕበል አለ፤ ጋል ሻኬት ይባላል። ዓርብ ሳይመሽ ሬዲዮው በዚያ ጣቢያ ተከፍቶ ይተዋል፣ ምንም ድምፅ አያሰማም፤ የሚናገረው አዛካ ሲኖር ብቻ ነው። ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር ራቢዎች ያስተምራሉ፤ ሆኖም ሰንበቱን ሳይነኩ መዳን ሲቻል ያንን መምረጥ ለብዙ አዛውንት የልብ ዕረፍት ነው።

የተዘጋጀ ዕቃ ካልታደሰ ዓመት ሳይሞላው ቆሻሻ ይሆናል። ለማደስ ደግሞ ይህ ማኅበረሰብ ከማንም የተሻለ ቀን አለው፤ ፋሲካ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ የገብስና የስንዴ ነገር ስለሆኑ ሐሜጽ (ለፋሲካ የተከለከለ የእህል ምግብ) ናቸው፤ ከበዓሉ በፊት ከቤት መውጣት አለባቸው። በኢትዮጵያ ሳሉ ቤተ እስራኤል ለፋሲካ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ይሠሩ እንደነበር የማያስታውስ አዛውንት የለም። ዛሬም በጽዳቱ ሳምንት የአደጋ ጊዜው ምግብ ተበልቶ ይለቅ፣ የውሃው ቀን ይታይ፣ ባትሪው ይሞከር። በበዓሉ ሰባት ቀናት ባዶ እንዳይሆን ማጻ (የፋሲካ ቂጣ) እና ቴምር ይተኩት። በዓሉ ሲያልፍ አዲስ በሶ ይፈጫል። ሁለተኛው የማደሻ ቀን የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ነው፤ ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ፣ ዝናቡ ሊከብድ ሲል ይመጣል። ከስግዱ ጾም በኋላ ቤተሰብ ሲሰበሰብ የጀሪካኑን ውሃ የሚቀይር፣ የማማዱን መስኮት ስቦ የሚሞክር አንድ ልጅ ይመደብ።

ዝርዝሩ የማይጠቅሰው አንድ ነገር ይቀራል። በአሮጌዎቹ ብሎኮች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕብራይስጥ የማያነቡ፣ ሺሺያ ተሸክመው ደረጃ መውጣት የማይችሉ አባቶችና እናቶች አሉ። የራሱን ስንቅ ያዘጋጀ ቤተሰብ አንድ ሺሺያ፣ አንድ የእጅ ባትሪና ግማሽ ኪሎ በሶ ጨምሮ የእነሱን በር ያንኳኳ፤ አዛካ ሲጮህ ማን መጥቶ እንደሚያወርዳቸውም በዚያው ቀን ከእነሱ ጋር ይስማማ።